መልስ፦ 2 ጊጋ ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ቦይንክ ይሠራል ወይ?

ይሠራል ወንድሜ። ቦይንክ የኮምፒውተርህን ትርፍ አቅም ለሳይንስ ምርምር ስሌት የሚያውል ፕሮግራም ነው፤ ስሌቱ የሚመጣው አንተ ከመረጥካቸው ፕሮጀክቶች ነው። ባለ ሁለት ኮር ላፕቶፕህ ይደነዝዛል፣ ሥራውም ይቆማል ብለሃል። ማሽኑ የሚደነዝዝብህና ሥራው «ሚሞሪ በመጠበቅ ላይ» ብሎ የሚቆመው ፕሮሰሰሩ ስላረጀ አይደለም፤ ሮዜታ አት ሆም የተባለውን የፕሮቲን ፕሮጀክት ስለመረጥክ ነው። የፕሮቲን ቅርጽ ስሌት ራም ይበላል። የአየር ንብረት ፕሮጀክቱ ክላይሜት ፕሪዲክሽንማ ከነጭራሹ አይሞከርም፤ አንዳንዱ ሥራው ብቻውን ብዙ ጊጋ ይጠይቃል። የአስትሮይድ ጥናት ፕሮጀክቱ አስትሮይድስ አት ሆም ግን ትንሽ ይበቃዋል፣ እኔ ብሆን በእሱ እጀምር ነበር።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቦይንክ ለእያንዳንዱ ኮር (የፕሮሰሰሩ የስሌት ክፍል) የየራሱን ሥራ ያስነሳል፣ እያንዳንዱም የራሱን ራም ይይዛል። ያንተ ባለ ሁለት ኮር ስለሆነ ሁለት ሥራ ባንዴ ይጫንብሃል ማለት ነው። የቦይንክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የሲፒዩውን ቁጥር 50% አድርገው፣ አንድ ብቻ ይሠራል። የሙቀቱም ነገር በዚያው ይቀልልሃል።

ከዚያ የቆመ ሥራ ሚሞሪ ውስጥ እንዲቆይ የሚያደርገው ምልክት ካለ አንሳው። ሥራው ሲቀጥል ከመጨረሻው ቼክፖይንት (የደረሰበት ዲስክ ላይ ከተቀመጠበት ነጥብ) ስለሚነሳ ጥቂት ደቂቃ ትከስራለህ፤ ግን ራሙ ነጻ ይሆናል። መብራት ሲጠፋም የሚያድንህ ይኸው ቼክፖይንት ነው። ኮምፒውተሩን እየተጠቀምክ እያለ የሚፈቀደው የራም ጣሪያ መነሻው 50% ነው፤ ከፍ አታድርገው፣ ሃርድ ዲስኩ በስዋፕ (ራም ሲሞላ ዲስኩን እንደ ራም በመጠቀም) ይንገላታል።

የቦይንክን ስክሪን ሴቨር አጥፋው። የቦይንክ ማኔጀሩን (መቆጣጠሪያውን) መስኮትም ዝጋው፣ ስሌቱ ከኋላ ይቀጥላል። የሚጠራቀመውን ሥራ ደግሞ አሳንሰው፤ በዝግተኛ ማሽን ብዙ ከተሸከምክ የማስረከቢያው ቀን ያልፍብሃል።