ቦርዱ የት ነበር?

ባለፈው ስለ ዩኒቨርሲቲ በጀት ትንሽ ነካ ካደረግኩ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። ከግማሽ በላዩ ውስጥ «ቦርድ» የሚል ቃል አለ፤ ዩኒቨርሲቲውን ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው አካል ማለት ነው። ሁሉንም መመለስ አልችልም፤ ጥቂቱን መርጫለሁ።

«ልጄ ሦስተኛ ዓመት ነው። የካፌው ምግብ ሆዱን እያሳመመው ነው፣ ዶርሙ ውኃ የለውም። ለቦርዱ ልጻፍ?» (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

ይጻፉ ብል ደስ ባለኝ፣ እህቴ። ግን ደብዳቤዎ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያድረው። ቦርድ ግቢ ውስጥ አይኖርም። አልፎ አልፎ ተሰብስቦ ዕቅድ፣ በጀትና ሪፖርት ያያል። ልጅዎ መጀመሪያ ወደ ተማሪዎች ዲን ይሂድ። ካልሆነ ለምክትል ፕሬዚዳንቱ በጽሑፍ ያመልክት፤ ቀን ይጻፍበት፣ ቅጂውንም ይያዝ። እሱም ካልሠራ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ጉዳዩ የቦርድ የሚሆነው የምግብ ጨረታው ራሱ ሲበላሽ ነው።

«ፕሬዚዳንቱን የሚሾመው ቦርዱ ነው ወይስ ሚኒስቴሩ? እኛ መምህራን እንኳ አልገባንም።»

በተለመደው አሠራር ማስታወቂያ ይወጣል፣ እጩዎች ይወዳደራሉ፣ ቦርዱ መርጦ ስም ያቀርባል፣ ሹመቱን ሚኒስትሩ ይሰጣል። ቦርዱንስ ማን ሾመው? ሚኒስትሩ! በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 650/2001 ድምፅ የሚሰጡት ሰባት ነበሩ። ሰብሳቢውንና ሦስቱን ሚኒስትሩ በቀጥታ ይሾማል። ሦስቱን ዩኒቨርሲቲው ይጠቁማል። አራት ለሦስት፤ ስሌቱን ለእናንተ ትቻለሁ። ያ አዋጅ በ1152/2011 ተተክቷል፤ የሚኒስቴሩ እጅ ግን ከቦርዱ ላይ አልተነሳም።

ድሮም ቢሆን የበላዩ ሩቅ አልነበረም። በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ቻንስለሩ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። ግቢውም ቤተ መንግሥታቸው የነበረው ገነተ ልዑል ነው።

«ዋና ኦዲተር በየዓመቱ የዩኒቨርሲቲዎችን ጉድለት ይዘረዝራል። ፓርላማም ኃላፊዎቹን ጠርቶ ይጠይቃል። ቦርዱ የት ነበር?» (ከአዲስ አበባ)

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር።

ከዓመታት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ የቦርድ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ይዤ አውቃለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። አባላቱ ከአዲስ አበባ የመጡት በጠዋቱ በረራ ነው። በር ላይ ለእያንዳንዳቸው በስፓይራል የተጠረዘ ሰነድ ተሰጣቸው፣ ሁለት መቶ ገጽ ይሆናል። ቡናና ቆሎ ቀረበ። ፕሬዚዳንቱ በስላይድ አቀረቡ፤ ግራፉ ሁሉ ወደ ላይ ነው። ሰብሳቢው ትልቅ ባለሥልጣን ነበሩ፣ ስልካቸው ሦስት ጊዜ ጠራ። ከምሳ በፊት «አስተያየት አለ?» አሉ። አንድ ሴትዮ ብቻ እጃቸውን አወጡ። «የተጀመሩ ሕንፃዎች ስድስት ናቸው ይላል። ያለቀው ስንት ነው?» ቤቱ ጸጥ አለ። «በሚቀጥለው ስብሰባ ይብራራል» ተባለ። እኔም «ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። በማታው በረራ ተመለሱ።

ቦርዱ እዚያው ነበር ማለት ነው። ግን ያየው፣ ራሱ ሊቆጣጠረው የሚገባው ሰው ያዘጋጀለትን ነው። አጀንዳውም፣ ሪፖርቱም፣ ሆቴሉም፣ መኪናውም የሚመጣው ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ነው። የውስጥ ኦዲተሩ ከዚያ ክፍል አልነበረም፤ የጠራውም የለም። እንዲህ ሆኖ ጉድለቱን ከውጭ የመጣ ኦዲተር ቀድሞ ቢያገኘው ምን ይገርማል?

«ልጄ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ክፍያ ሊጨምሩ ነው፤ ወሳኙ “ቦርድ ኦፍ ቪዚተርስ” ነው አሉኝ። ጎብኚዎች ናቸው እንዴ?» (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሳቅ አሰኝተውኛል፣ ወንድሜ። ስሙ የድሮ ነው፤ ሥራቸው ግን ጉብኝት አይደለም። የጆርጅ ሜሰን ቦርድ 16 አባላት አሉት። የሚሾማቸው ገዢው ነው፣ ለአራት አራት ዓመት፤ የግዛቲቱ ምክር ቤት ያጸድቃል። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። ክፍያ ከመጨመራቸው በፊትም አስቀድመው ማሳወቅና ሕዝቡ እንዲናገር ዕድል መስጠት አለባቸው። ስለዚህ ይሂዱና ይናገሩ። ሁለት ደቂቃ ቢሰጡዎትም ሁለት ደቂቃ ነው።

እዚያም ገዢው ሾመ ማለት ሁሉ ሰላም ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ መሪ ሄለን ድራጋስ አባላቱን ሳይሰበስቡ፣ አንድ በአንድ እያነጋገሩ ድጋፍ አሰባሰቡ። ከዚያ ፕሬዚዳንቷን ቴሬዛ ሱሊቫንን «ልቀቂ» አሏቸው። ዜናው ጁን 10፣ እሑድ ቀን ወጣ። ግቢው ተናወጠ። የመምህራን ሴኔት በቦርዱ ላይ እምነት የለኝም አለ። ሰው በብዛት ወጥቶ የግቢውን ሣር ሜዳ ሞላው። ገዢው ቦብ ማክዶኔልም ጉዳዩን ካልቋጫችሁ የሁላችሁንም መልቀቂያ እጠይቃለሁ አሉ። ጁን 26 ቦርዱ ተሰብስቦ ሱሊቫንን በሙሉ ድምፅ መለሳቸው። አሥራ ስድስት ቀን! ድራጋስ ራሳቸው ይመለሱ ብለው ድምፅ ሰጡ።

እኔን የሚገርመኝ መባረራቸውም መመለሳቸውም አይደለም። ውሳኔው በጓዳ ሲያልቅ ነው የተበላሸው፤ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ተስተካከለ።

«ሁሉም አገር ሹመት ነው?»

አይደለም። ሚሺጋን ውስጥ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን ስምንት የቦርድ አባላት የሚመርጠው መራጩ ሕዝብ ነው፣ ለስምንት ዓመት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ደግሞ 18ቱን አባላት ገዢው ለ12 ዓመት ይሾማል፤ ድምፅ ያለው አንድ ተማሪም አለበት። ተማሪዋን ወድጃታለሁ።

«ራስ ገዝ ሲሆንስ ቦርዱ ይጠነክራል?»

በ2015 አዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኗል። በቅጥርም በገንዘብም ውሳኔው ወደ ግቢው ይቀርባል፤ እንግዲህ የቦርዱም ሸክም በዚያው ይከብዳል። ጠዋት በሮ ማታ የሚመለስ ቦርድ አይችለውም።

«አጎቴ የቦርድ አባል ሆኖ ተሾመ። ምን ልምከረው?»

እንኳን ደስ አላችሁ። ሦስት ነገር ይበሉት። ሰነዱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይድረሰኝ ይበሉ። የውስጥ ኦዲተሩን ፕሬዚዳንቱ በሌሉበት ያነጋግሩ። ለምሳ ደግሞ ሆቴል ሲጋበዙ «አመሰግናለሁ» ብለው ተማሪዎቹ ካፌ ይሰለፉ፣ ማንም ሳያውቅ። የደብረ ብርሃኗ እናት ልጅ ምን እንደሚበላ ቀምሰው ይምጡና ከሰዓት በኋላ ስላይዱን ይዩ።