መልስ፦ ከድሮ የመርከብ ኮምፓስ ግራና ቀኝ ያሉት የብረት ኳሶች

«ኳሶቹን ፈትቼ ባጸዳቸው ኮምፓሱ ይበላሻል ወይ?» ላልከው፣ አይበላሽም፤ ፍታቸው። ለጌጥ የተገጠሙ ግን አይደሉም። የብረት መርከብ በመሬት መግነጢስ የተነሳ ራሱ መግነጢስ ይይዝና መርፌውን ከሰሜን ያስታል። ከለስላሳ ብረት (መግነጢስን በቀላሉ ከሚቀበልና ከሚለቅ ብረት) የተሠሩት ኳሶች ከዚያ ስሕተት አንዱን ክፍል ያርማሉ። ዘዴውን በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ያስለመደው የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቶምሰን ነው፤ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው።

ከመፍታትህ በፊት ሁለት ነገር አድርግ፦

1. እያንዳንዱ ኳስ ከኮምፓሱ መሃል ያለውን ርቀት ለክተህ ጻፍ። ርቀቱ የተስተካከለው ኮምፓሱ ለተገጠመበት መርከብ ብቻ ስለሆነ ትልቅ የታሪክ ማስረጃ ነው።
2. የግራውንና የቀኙን ለይተህ ምልክት አድርግ።

አደራ፣ ፈትተህ ስታስቀምጣቸው ከስፒከርና ከማግኔት አርቃቸው። መግነጢስ ይዘው የቀሩ ኳሶች ራሳቸው መርፌውን ሲያስቱ አይቻለሁ።