ይጀምራል፣ ይጀመራል ወይስ ያስጀምራል?

ጥያቄ፦ ስለ እርሾ ሕዋስ አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የፕሮቲን ግንባታ ይጀምራል» ልበል፣ «ይጀመራል» ወይስ «ማይቶኮንድሪያው ግንባታውን ያስጀምራል»? አንዱን ስጽፍ ሌላው ትክክል ይመስለኛል።

መልስ፦ ሦስቱም ደህና አማርኛ ናቸው። የሚለያዩት ድርጊቱን ለማን እንደሚሰጡ ነው። ስለዚህ ሕዋሱ ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ እንይ።

የእርሾ ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ክፍል፣ የራሱ ዲኤንኤ አለው። ግን መመሪያቸው እዚያ ላይ ያለው ዋና ዋና ፕሮቲኖች 8 ብቻ ናቸው። የቀሩት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩት፣ መመሪያቸው የሕዋሱ ዋና ዲኤንኤ ባለበት በኒውክለስ ውስጥ ነው፤ ከኒውክለስ ውጭ ባለው የሕዋሱ ፈሳሽ፣ በሳይቶፕላዝም ውስጥ፣ ተመርተው ወደ ማይቶኮንድሪያ ይገባሉ። አስጀማሪዎቹም ከእነዚህ ገቢዎች ናቸው። ፔት111 የሚባለውን እንውሰድ። ኮክስ2 ለሚባለው የመተንፈሻ ፕሮቲን መመሪያ የሚያደርሰው ቅጂ (መልእክተኛ አርኤንኤ) መነሻ አካባቢ ላይ ሆኖ የኮክስ2ን ግንባታ ያስነሣል። እሱ ከሌለ መልእክቱ ቢኖርም ኮክስ2 አይመረትም። ኮክስ2 ከሌለ ደግሞ ሕዋሱ በኦክስጅን መተንፈስ አይችልም።

እንግዲህ «ያስጀምራል» ለፔት111 ልክክ ይላል። ለግንባታው «ይጀመራል» ቢሉ እመርጣለሁ፤ ከጀርባው አስጀማሪ እንዳለ ይጠቁማል። «ይጀምራል» ቦታ ሲጠቁሙ ያምራል፦ «ግንባታው ኤዩጂ ከሚባለው ኮድ ይጀምራል» (ኤዩጂ በመልእክቱ ላይ ያለ የመነሻ ምልክት ነው)። «ማይቶኮንድሪያው ያስጀምራል» ግን የኒውክለስን ድርሻ ይውጠዋል።

ማይቶኮንድሪያው ዝም ብሎ ተቀባይ ነው ማለቴ አይደለም። ኤምኤስኤስ51 የሚባል ሌላ ገቢ ፕሮቲን፣ እዚያው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚመረተውን የኮክስ1ን ግንባታ ያስጀምራል። አዲሱ ኮክስ1 አብረውት ከሚሠሩት ፕሮቲኖች ጋር ካልተገጣጠመ ግን ኤምኤስኤስ51ን ይዞ ያስቀረዋል፤ ቀጣዩ ግንባታም ይቀንሳል። እዚህ ጋ «ማይቶኮንድሪያው ግንባታውን ይቆጣጠራል» ቢሉ ያስኬዳል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሦስቱም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «ፔት111 ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ይሠራል» ብለው ቢጽፉ፣ «ሠ»ን አላልቶ ያነበበ ሰው ሥራውን እዚያ ያከናውናል ብሎ ይረዳል። ይህ እውነት ነው። አጥብቆ ያነበበው ግን እዚያ ይመረታል ብሎ ይረዳል፤ ይህ ስሕተት ነው፣ የሚመረተው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ነውና። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም። ስለዚህ ለመፈጠሩ «ይመረታል»፣ ለተግባሩ «ሥራውን ያከናውናል» ብለው ይለዩት።