ትሬይለሩን ልሽጠው ወይስ ልቆይበት? ላልከው

ወንድሜ፣ ትሬይለሬ (በመኪና የሚጎተተው የካምፕ ማደሪያ ቤት) 9 ዓመት ሞላው ብለህ ብቻ ለመሸጥ አትቸኩል። ዋጋው በጣም የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው፤ ያ ኪሳራ አልፎልሃል። አዲስ ብትገዛ እሱኑ እንደገና ትከፍላለህ።

እኔ ከዕድሜው ይልቅ የማየው ውሃ ነው። ትሬይለርን የሚገድለው ጣሪያው ላይ መጋጠሚያውን የሚደፍነው ማስቲሽ ሲሰነጠቅ ቀስ እያለ የሚገባ ዝናብ ነው። የኛን ያወቅኩት አልጋው ራስጌ ያለውን ጥግ በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ረጠበ ካርቶን ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ከውጭ ምንም አይታይም ነበር፣ ውስጡ ያለው እንጨት ግን በስብሷል። ስለዚህ ዛሬውኑ መሰላል አውጣና የጣሪያ መስኮቶቹን ዙሪያ እይ፣ ከዚያ ጥግ ጥጉንና ወለሉን፣ በተለይ መታጠቢያው አጠገብ፣ ተጫን። የውጭው ግድግዳ ካበጠ ጥገናው ከባድ ወጪ ነው፤ ሽጠው፣ ለገዢውም ሳትደብቅ ንገረው። ደረቅ ከሆነ ያዘው።

ጎማ፣ ፍሬን፣ ባትሪ የሚቀየሩ ነገሮች ናቸው፣ ለነሱ ብለህ አትሽጥ። ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን 4 ቁጥሮች አንብብ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ከ6 ዓመት በላይ አትጓዝበት፣ ልጆችህን ይዘህ ነው የምትሄደው።

ደግሞ እዚህ አሜሪካ አንዳንድ የግል ካምፕ ቦታዎች 10 ዓመት ያለፈውን ትሬይለር አይቀበሉም። የምታድሩት ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ከሆነ ግን ይበልጥ የሚያሳስበው ርዝመቱ ነው።