ዝናብ መትቶት የታሰረ ድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ሲሞቅ

ጥያቄው ከሱሉልታ አካባቢ የመጣ ነው። ጠያቂው 6 የወተት ላሞች አሏቸው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ያጨዱት የግጦሽ ሣር መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ 3 ቀን ዝናብ መታው። በ4ኛው ቀን ፀሐይ ስትወጣ አገላበጡት፤ በማግስቱ ከሰዓት በእንጨት ሳጥን እየጠቀጠቁ አሰሩትና 120 እስር ከግድግዳው አስጠግተው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ደረደሩት። አሁን 9ኛ ቀኑ ነው። እጃቸውን በእስሮቹ መሐል ሲያስገቡ ይሞቃል፤ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል፤ ሽታው ትንባሆ ትንባሆ ይላል፤ አንዳንዱ እስር ላይ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ታይቷል። ጨው ብነሰንስበት ይድናል ወይ? ላሞቹስ ቢበሉት? ለከርሞስ ምን ላድርግ? ብለው ጠይቀዋል።

ጨውን እናቆየውና መጀመሪያ ሙቀቱን ይለኩ፤ ዛሬውኑ። እርጥቡን የታሰረ ድርቆሽ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ከውስጥ ተቀጣጥሎ መጋዘን ያወድማል። አደገኛው ጊዜ ከተከመረ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ስለሆኑ እርስዎ ገና መግቢያው ላይ ነዎት።

መለኪያውን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። 2 ሜትር ያህል የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ይቁረጡ፤ አንዱን ጫፍ በመዶሻ ጠፍጥፈው ያሹሉት፤ ከሹሉ ከፍ ብሎ ባለው አንድ ስንዝር ላይ 8 ወይም 10 ትናንሽ ቀዳዳ ይብሱበት። ቧንቧውን ከክምሩ እምብርት ድረስ ይውጉትና እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያነብ ቴርሞሜትር በሲባጎ አስረው ወደ ውስጥ ይስደዱት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ስበው ያንብቡ። የሰው ትኩሳት መለኪያ 42 ላይ ስለሚያበቃ ለዚህ አይሆንም። ቴርሞሜትር እስኪያገኙ ድረስ ፌሮ ወግተው ለ20 ደቂቃ መተውና መሐል የነበረውን ጫፍ በመዳፍ መጨበጥ ይቻላል። ጨብጠው መቆየት ከቻሉ ከ50 ዲግሪ በታች ነው። ወዲያው የሚያስለቅቅዎ ከሆነ 60 አልፏል ብለው ይቁጠሩት። አንድ ቦታ ለክተው አይተዉት፤ ሙቀቱ የሚሰበሰበው በኪስ በኪስ ስለሆነ ቢያንስ 5 ቦታ ይውጉ።

ከ50 በታች ከሆነ ክምሩን ያሳሱት፤ ጠዋትና ማታም ይለኩ። ከ50 እስከ 60 ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ እስሮቹን አውጥተው ፀሐይ ላይ፣ በመካከላቸው አየር እንዲያልፍ አራርቀው፣ በአንድ ረድፍ በጠርዛቸው ያቁሟቸው። በጣም የከበዱትን ሲባጎውን በጥሰው ይበትኗቸው። ከ60 እስከ 70 ከሆነ ብቻዎን አይግቡ፤ በርሜል ሙሉ ውሃና ባልዲ በር ላይ ይቁም፤ ከውጭኛው ረድፍ እየጀመሩ በጥንቃቄ ያውጡ፤ በየ2 ሰዓቱ ይለኩ። 70 ካለፈ ግን አይንኩት፤ እሳት አደጋ ይጥሩ። የጋለው መሐል ድንገት አየር ሲያገኝ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚንቦገቦገው። ከክምሩ ላይ ወጥቶ መቆምም ክልክል ነው፤ ውስጡ ተቃጥሎ ጎድጓዳ ከሆነ ሰው ይሰምጣል።

እርስዎ የገለጹት ሽታና የቆርቆሮው ላብ የሚያሳየው ሙቀቱ ቢያንስ አንዳንድ ቦታ ላይ 50ን እንዳለፈ ነው። ስለዚህ ልኬቱ ዝቅ ብሎ ቢያገኙትም ከጣሪያው ያወርዱት ዘንድ እመክራለሁ።

ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ? የታጨደ ሣር ወዲያው አይሞትም። እርጥበቱ ወደ 40 ከመቶ እስኪወርድ ድረስ ይተነፍሳል፤ በውስጡ ያለውን ስኳር እያቃጠለ ሙቀትና ውሃ ያወጣል። ዝናብ ሲመታው ሁለት ጉዳት በአንድ ላይ ይደርስበታል፤ ስኳሩና ፖታሲየሙ ታጥቦ መሬት ይገባል፤ መድረቁም ስለሚዘገይ የሚተነፍስበት ቀን ይረዝማል። ሻጋታና ባክቴሪያ የሚረከቡት ከዚያ በኋላ ነው። እርጥቡን ጠቅጥቀው ሲያስሩት ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

በቁጥር እንየው። 100 ኪሎ እርጥብ ሣር ውስጥ 78 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው። ይህ ሣር 16 ከመቶ እርጥበት ላይ ሲደርስ 26 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፤ 74 ኪሎ ውሃ በንኖ ሄዷል ማለት ነው። የእርስዎንም እስር በሚዛን መፈተን ይችላሉ። በሚገባ ደርቆ 20 ኪሎ የሚመዝን የነበረ እስር፣ 30 ከመቶ እርጥበት ቢኖረው ከ24 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሳጥኑ አንድ ዓይነት፣ አጠቃቀጡም አንድ ዓይነት ሆኖ በ4 ኪሎ የሚበልጥ እስር ካገኙ ትርፉ ውሃ ነው። መጀመሪያ የሚበተነው እሱ ይሁን።

አሁን ወደ ላሞቹ። እስሮቹን ውጭ፣ ነፋሱ ከጀርባዎ እየመጣ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይክፈቱ። የሻገተ ድርቆሽ አቧራ የሰው ሳንባ ይጎዳል፤ ደጋግሞ የሚስበው ሰው ከጊዜ በኋላ የማይድን የሳንባ ሕመም ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሲያራግፉት እንደ ጢስ ነጭ ወይም ግራጫ አቧራ የሚተነው፣ ተጣብቆ እንደ ቂጣ የሚነሳው፣ የምድር ቤት ሽታ ያለው ሁሉ ለመኖ አይሆንም፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይሂድ። ለጥጆች መኝታ ልጠቀምበት እንዳይሉ፤ አቧራው እዚያም አለ። ለእርጉዝ ላም በተለይ አይስጡ፤ ሻጋታው ሊያስወርዳት ይችላል። ፈረስና በቅሎም ሳንባቸው ይህን አይችልም።

ትንባሆ የሚሸተው፣ ቡናማ የሆነው፣ ግን ያልሻገተው ሌላ ነገር ነው። ላሞች ይወዱታል፤ እንደ ተቆላ ስኳር ይጣፍጣል። ችግሩ ሙቀቱ ከፕሮቲኑ የተወሰነውን ከስኳሩ ጋር አጣብቆታልና ላሟ ብትበላውም ያ ፕሮቲን ሳይፈጭ በእበት ይወጣል። ላሟ ስትበላ አይተው አይዘናጉ፤ ወተቱ ነው የሚናገረው። እንዲህ ያለውን ከጥሩ ድርቆሽ ጋር ቀላቅለው ይስጡ፤ ለአንድ ላም በቀን ከ1 እስከ 2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ እንደ ወተቷ መጠን፣ ከፉሩሽካ ጋር ይጨምሩላት። ግርግም ላይ ትንሽ ተርፎ እንዲያድር አድርገው ቢሰጡ መጥፎውን ራሷ ትለያለች። የተረፈውን ግን መልሰው አይስጧት።

ጨውን በተመለከተ፣ ሲከመር ለ100 ኪሎ ድርቆሽ ከ1 እስከ 2 ኪሎ መነስነስ የቆየ ልማድ ነው፤ ትንሽ ለረጠበ ድርቆሽ ትንሽ ይረዳል። 30 ከመቶ እርጥበት ያለውን ግን አያድነውም፤ የጋለውንም አያበርደውም። አሁን ጨው ቢገዙ ገንዘብዎን ነው የሚጥሉት። ከዚህ የባሰ ስህተት እርጥቡ ድርቆሽ እንዳይሻግት ብሎ ዩሪያ መርጨት ነው። ዩሪያ የሚሠራው ለጭድና ለገለባ ነው። ስኳሩ ገና ያለውን አረንጓዴ ድርቆሽ በዩሪያ አፍነው ካሞቁት ከብቱን የሚያሳብድ መርዝ ይፈጠራል፤ እየዘለለ ከአጥር ጋር ይጋጫል፤ መርዙ በወተት ወደ ጥጃም ያልፋል።

ለከርሞ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ድርቆሹ የሚታሰርበትን ጊዜ በቀን ቆጥረው አይወስኑ፤ ሣሩን በእጅዎ ፈትነው ይወስኑ። "5 ቀን ሆኖታል" ማለት ምንም አይነግርዎትም፤ 3ቱ ቀን ዝናብ ነበር።

ሲፈትኑ ከላይ ያለውን አይንኩ፤ ከላይ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ከረድፉ ወፍራም ቦታ፣ መሬት ከነካው በኩል አንድ እፍኝ ይውሰዱና እንደ ልብስ ይጠምዝዙት። ተጠምዝዞ እንዳለ የሚቀር ከሆነ እርጥብ ነው። ጥቂት አገዳ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚሰበርና ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚፈታ ከሆነ ደርሷል። ሁሉም የሚንኮታኮት ከሆነ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ቅጠሉ ይረግፋል። ከዚያ አንጓውን ይዩ፤ በሣር አካል ላይ መጨረሻ የሚደርቀው አንጓ ነው። በጥፍር ሲጫኑት ከለሰለሰ ወይም ካረጠበ አንድ ቀን ይጨምሩለት።

እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ የጨው ፈተና አለ። ክዳን ያለው ደረቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ በአጭር በአጭሩ የተቆረጠ ድርቆሽና አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምረው ለ2 ደቂቃ ይነቅንቁት። ጨው ከተጓጎለ እርጥበቱ ከ15 ከመቶ በላይ ነው። ቁጥሩን ማወቅ ካሻዎት ደግሞ 100 ግራም መዝነው በለዘበ ምጣድ ላይ፣ እንዳያር እያማሰሉ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ያድርቁት። 82 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 18 ከመቶ ነበር ማለት ነው። በሳጥን ለሚታሰር ድርቆሽ ከ18 በላይ አይሂዱ፤ እስከ ቀጣዩ መስከረም የሚቀመጥ ከሆነ 15 ይሁን። ሳይታሰር ላልቶ የሚከመር ሣር እስከ 20 ድረስ ይታገሳል።

አጨዳውን ይከፋፍሉት። ሁሉም ማሳውን በአንድ ቀን አስጨርሶ ሰማይ ሰማይ ማየት ትልቁ ስህተት ነው። በ3 ወይም በ4 ቀን ውስጥ ገልብጠው፣ ሰብስበው፣ ከጣሪያ ሥር ማስገባት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይጨዱ። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የ10 ቀን ትንበያ ይከታተሉ። ብዙ ሰው ዝናቡን ፈርቶ ኅዳር እስኪጋመስ ይጠብቃል፤ በዚያን ጊዜ ሣሩ ፍሬውን አራግፎ ከጭድ ብዙም አይሻልም። ሣሩ ግማሹ ሲያብብ ታጭዶ አንድ ጊዜ ካፊያ የመታው ድርቆሽ፣ አርጅቶ ቆሞ ከደረቀው ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ጤዛው ሲተን፣ ከጠዋቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ይጨዱ፤ ከአንድ ስንዝር ባልበለጠ ውፍረት ይበትኑት። በመንሽ በቀን 2 ጊዜ ይገልበጥ። ማገጥ (ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነ የግጦሽ ተክል) የበዛበት ሣር ከሆነ ጠዋት ቅጠሉ ገና ለስለስ ሲል ይገልብጡ፤ በቀትር ከገለበጡት የሚረግፈው ፕሮቲኑን የያዘው ቅጠል ነው። 11 ሰዓት ሲሆን በጠባብ ረድፍ ይሰብስቡት፤ የጥቅምትና የኅዳር ጤዛ የቀኑን ድካም ያበላሻልና። በማግስቱ ጤዛው ሲተን እንደገና ይበትኑት።

ዝናቡ ገና እንደታጨደ ከመታው ብዙም አይደንግጡ፤ ሣሩ ራሱ ውሃ ስለሆነ የሚያጣው ጥቂት ነው። ላዩ እስኪደርቅ አይንኩት፣ ከዚያ ይገልብጡት። ሊደርስ ሲል የመታው ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ደመና ሲጠቁር፣ ግማሽ የደረቀውን ከሰው ወገብ እስከ ደረት በሚደርስ ሹል ቁልል ይሰብስቡት፤ ሲያባራ ይበትኑት።

ለዋልካ መሬት ከሁሉ የሚሻለው ማንጠልጠል ነው፤ ዋልካ ከላይ ፀሐይ ቢወጣም ከሥር እርጥበቱን ወደ ሣሩ ይልካል። 2 ሜትር ተኩል የሆኑ 3 የባሕር ዛፍ አጣናዎች ጫፋቸውን በሽቦ አስረው፣ እግራቸውን ከፍተው ያቁሙ። ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው አግዳሚ እንጨት ይሰሩባቸው። አንድ ቀን የጠወለገ ሣር ከታች ጀምረው ይጫኑበት፤ መሐሉን ባዶ ይተዉት፤ ውጭውን ከላይ ወደ ታች በእጅ እንደ ሣር ቤት ክዳን ያበጥሩት። ከላይ የመጣው ዝናብ ይንሸራተታል፣ ከሥር ነፋስ ይገባል። ጉልበት ይጠይቃል፤ ግን ሳምንት ሙሉ ቢዘንብ ሣሩ ይተርፋል።

ዝናቡ ጨርሶ እንቢ ካለ ሳይሌጅ (አየር ሳይገባው ታሽጎ የሚቆይ እርጥብ መኖ) ያድርጉት። በተለይ አጃና ቬች (የጥራጥሬ ዘር የሆነ የመኖ ተክል) የዘሩ ከሆነ አንድ ቀን አጠውልገው፣ በ3 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው፣ ለ100 ኪሎ 3 ወይም 4 ኪሎ ሞላሰስ በውሃ አቅጥነው ረጭተው፣ አየር እስኪወጣ በወፍራም ላስቲክ ውስጥ ረግጠው ያሽጉት። 6 ሳምንት አይከፈት።

አከማመሩ ላይ፣ እስር በቀጥታ መሬት ወይም ሲሚንቶ ላይ አይቀመጥ፤ ሲሚንቶም ያልበዋል። 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የአጣና ርብራብ ያንጥፉ። ከግድግዳው አንድ ክንድ፣ ከቆርቆሮው አንድ ሜትር ያርቁት። ውጭ የሚከምሩ ከሆነ ዙሪያውን ቦይ ይቆፍሩ፤ መሐሉን ሁልጊዜ ከዳሩ ከፍ አድርገው እየረገጡ ይከምሩ፤ አናቱን በጭድ ወይም በረጅም ሣር በደንብ ይክደኑት። ላስቲክ በቀጥታ በሣሩ ላይ መጎተት ግን የተለመደ ጥፋት ነው፤ ከውስጥ የሚወጣው እንፋሎት ላስቲኩ ላይ እንደ ጤዛ ውሃ ሆኖ መልሶ ይንጠባጠብበታል። ላስቲክ ካለዎት ከሣሩ ሁለት ስንዝር ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይወጥሩት፤ ጎንና ጎኑን ክፍት ይተዉት።