«ቅንጦት ነው» ለተባለችው የላቦራቶሪ ባለሙያ

ውድ ጠያቂያችን፣ በሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ተመርቀሽ ሁለት ዓመት ከሠራሽ በኋላ፣ የጡት ካንሰር ወደ ሌላ አካል እንዲዛመት የሚያደርጉትን ኬሚካዊ መልእክቶች ለማጥናት የባዮኬሚስትሪ ማስተርስ ልትጀምሪ ስትይ፣ አባትሽ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ብለው ከአጎትሽ ጋር የግል ላቦራቶሪ እንድትከፍቺ እንደሚወተውቱሽ ጽፈሻል።

«ቅንጦት» የምትለዋን ቃል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሁሉም የካንሰር ዓይነቶች በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። ጆርጅ ቢትሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም፣ «ሆርሞን» የሚለው ቃል ገና ሳይፈጠር፣ የእንቁላል ዕጢዋ የወጣላት ሴት የጡት ካንሰሯ እንደሟሸሸ እ.ኤ.አ. በ1896 ሲጽፍ፣ በእጁ የነበረው መሣሪያ ቢላዋና ትዕግሥት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ሲኤክስሲአር 4 የተባለ መልእክት ተቀባይ እንደሚያበዙ፣ ሳንባ፣ ጉበት፣ መቅኒና የሊምፍ ዕጢዎች የሚያመነጩት ሲኤክስሲኤል 12 የተባለ ፕሮቲንም ወደዚያው እንደሚስባቸው አመለከተ።

እዚህ አገርም ቢሆን መልእክቱ ይነበባል። አሥራ አንድ ዓመት በሠራሁበት የፓቶሎጂ (የሕመም ናሙና መመርመሪያ) ክፍል፣ የእንቁላል ዕጢ የሚያመነጨው የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ ያለበት የሕዋስ ኑክሊየስ (አስኳል) በቀለም ከተነከረ በኋላ በማይክሮስኮፕ ቡናማ፣ የሌለበት ሰማያዊ ሆኖ ይታየን ነበር፤ ታማሚዋ ይህን ተቀባይ የሚዘጋውን ታሞክሲፈን የተባለ መድኃኒት ትውሰድ አትውሰድ የሚወሰነውም በዚሁ ነው። አንድ ቀን ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፎርማሊን ሳይነካው በጓንት ተጠቅልሎ ያደረ የጡት ሥጋ ቁራጭ መጣልን። ስላይዱ ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ቡናማ መሆን የሚገባቸው ጤነኛ የጡት ቱቦዎች እንኳ ሰማያዊ ስለነበሩ «ኔጋቲቭ» (ተቀባይ የለም) ብሎ መጻፍ ሐሰት ይሆን ነበርና ሌላ ናሙና ጠየቅን። ይህን በዓይኑ ያላየ ተማሪ ስለ ተቀባዮች የሚጽፈው ጥናት ያሳስበኛል።

ስለዚህ ከማስተርሱ በፊት አንድ ዓመት በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ እንድትሠሪ እመክርሻለሁ።

የአጎትሽን ነገር በግልጽ ልናገር፦ ፈቃዱ በአንቺ ምስክር ወረቀት ወጥቶ ትርፉ ወደ እርሳቸው ኪስ የሚገባ ከሆነ፣ ይህ የቤተሰብ እርዳታ ሳይሆን የወረቀት ኪራይ ነው። ድርሻሽ በውል ካልተጻፈ አትፈርሚ።

በሃያ ሰባት ዓመት «እድሜዬ ሄደ» ማለትሽን ግን እንዳልሰማሁ ልለፈው።

የማስተርስ ቦታሽን ለአንድ ዓመት ማቆየት ይቻል እንደሆነ ሬጅስትራሩን በጽሑፍ ጠይቂ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።