«በምን አወቅህ?» በሏቸው

ውድ ወጣት መምህራን፣

ዘንድሮ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ልታስተምሩ ክፍል ለገባችሁ ነው ይህን የምጽፈው። እኔ ጠመኔውን ካስቀመጥኩ ቆይቻለሁ፤ ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ አመዛዛኝ ድርሰት፣ ማለትም ተማሪው አቋም ይዞ በማስረጃ ስለሚከራከርበት ጽሑፍ ግን የምላችሁ አለኝ።

ተራኪውና ገላጩ ድርሰት ልጆቹን ብዙም አያስቸግራቸውም። አመዛዛኙ ላይ ሲደርሱ ነው የሚንገዳገዱት። ሐሳብ አጥተው አይደለም። በእረፍት ሰዓት ስለ አርሴናልና ማንቸስተር ሲከራከሩ ስሟቸው። ማን ስንት ጎል እንዳገባ፣ በየትኛው ዓመት፣ በማን ላይ... ሁሉም በማስረጃ ነው! ማስረጃው የሚጠፋው እስክሪብቶ ሲይዙ ነው።

አንዳንዴ ጥፋቱ የርዕሱ ነው። «ከገንዘብና ከእውቀት የቱ ይበልጣል?» የሚለውን እስቲ ተዉት። ለአፍ ክርክር ይሆናል፤ ክፍሉም ይስቃል። ግን ለዚህ ማን ከየት ማስረጃ ያመጣል? ልጁ ከመተረት ውጪ አማራጭ የለውም። «በትምህርት ቤታችን ስልክ ይዞ መግባት ይከልከል ወይስ ይፈቀድ?» በሉት። ያኔ የሚቆጥረው፣ ሄዶ የሚጠይቀው ነገር ያገኛል። የክፍሉን ልጆች ጠይቆ ሲመጣ ደግሞ «እነማንን ጠየቅህ? ጓደኞችህን ብቻ ነው?» በሉት።

መተረት ካልኩ አይቀር፣ ምሳሌያዊ አነጋገር እወዳለሁ። ችግሩ ልጆቻችን እንደ ምስክር ይጠሩታል። አንዱ ዝምታን ሊያወድስ «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ይጽፍና ነጥቡን ያረጋገጠ ይመስለዋል። አጠገቡ የተቀመጠችው ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ትላለች። ሁለቱም የአባቶች ቃል ነው። ታዲያ ማን ረታ? ሁለቱን ሰሌዳው ላይ ጻፉና ክፍሉን ጠይቁ። ተረት ነገር ያሳምራል እንጂ እማኝ ሆኖ አይቆምም። በድሮው የበልሃ ልበልሃ ሙግት እንኳ፣ ተሟጋቹ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ምስክር ቁጠር መባሉ አይቀርለትም ነበር።

ሌላው በሽታ «እንደሚታወቀው» ነው። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት» ደግሞ ታናሽ ወንድሙ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስታገኙ አትሰርዙት። ጠርዙ ላይ «በምን አወቅህ?» ብላችሁ ብቻ ጻፉ። ልጁ ቴሌግራም ላይ አይቼ ነው ካለ፣ ቻናሉስ ከየት አገኘው? ቻትጂፒቲ ነገረኝ ካለም ያው ነው።

የሚከብደው ግን ማስረጃ ከመጣ በኋላ ያለው ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ተማሪው «የትምህርት ጥራት ወድቋል» ብሎ አቋሙን ያስቀምጣል። ቀጥሎ «በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያወጣው ነው። ልጁ እዚያው አራት ነጥብ አድርጎ ወደ ሌላ አንቀጽ ይሻገራል። ብዙው መምህርም «ጎበዝ!» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ብሆን «ታዲያ ምን ይጠበስ?» እለዋለሁ። ክፍሉ ይስቅ ይሆናል፤ ጥያቄው ግን የምር ነው። መውደቅ ከየት ወደ የት ነው? ያ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠ ነው። ታዲያ ቁጥሩ የሚነግረን ጥራቱ ያን ጊዜ መውደቁን ነው ወይስ ቀድሞም የነበረው ድክመት መጋለጡን?

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። ሌላዋ ተማሪ ይህን ይዛ «እየተሻሻለ ነው» ብትልስ? እሷንም አትማሯት። በ2014 የተፈተነው ወደ 900 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ በ2017 ከ600 ሺህ በታች ነው። እነማን ቀሩ? የቀሩት ደካሞቹ ከሆኑ መቶኛው በራሱ ከፍ አይልም ወይ? እንዲህ ስትሟገቱ ቆይታችሁ ነው ልጁ «ወድቋል» የሚለውን ሰርዞ «ቁጥጥሩ ጠበቅ ሲል ድክመቱ ቁልጭ ብሎ ታየ» ብሎ የሚጽፈው። ከፊተኛው ያነሰ ነገር ተናገረ። ግን እሱን የሚነቀንቅ ሰው በቀላሉ አይገኝም። ለእኔ የዚህ ትምህርት ትልቁ ቦታ ይሄ ነው፤ አቋሙን ማስረጃው በሚሸከመው ልክ መቁረጥ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እናንተ የማትስማሙበትን አቋም የያዘ ልጅ በደንብ ከተከራከረ፣ ማርኩን ሙሉውን ስጡት። ልጆቻችን መምህሩ ምን እንደሚወድ በማሽተት አንደኛ ናቸው። አንድ ጊዜ የተቃወማችሁ ልጅ ደህና ውጤት ሲያገኝ ካዩ፣ የእናንተን ፊት ማንበባቸውን ትተው የራሳቸውን ማሰብ ይጀምራሉ።

እርማቱስ? 60 እና 70 ልጅ ባለበት ክፍል ሙሉ ድርሰት ላርም ካላችሁ ኅዳር ሳይገባ ትዝላላችሁ። አንድ አንቀጽ ብቻ አስጽፉ። ከማስረከባቸው በፊት ከአቋሙ ሥር አንድ መስመር፣ ከማስረጃው ሥር ሁለት መስመር ራሳቸው ያስምሩ። ሁለት መስመር የሌለበት ደብተር ሳይነበብ ይመለስ። ያኔ ምን እንደጎደለ እናንተ ሳትነግሯቸው ይገባቸዋል። ፊደሉንና ሥርዓተ ነጥቡን ሌላ ቀን ትደርሱበታላችሁ።